ሁሉም ሲወርድ፣ አያትና የልጅ ልጅ ሲቀሩ

በመርከብም ሆነ በጣና ጀልባ በቤተሰብ ስትጓዙ፣ ወደብ ላይ የማይወርዱት ሰዎች ጉዞው ያመለጣቸው አይደሉም። አስቀድሞ ከታሰበበት፣ ለአያቶችና ለልጆች ከሁሉም የሚበልጠው ሰዓት ያ ሊሆን ይችላል።

ሰሊጥ ተሸጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ እኛ አብርሃ ጅራ ውስጥ ስለ ጉዞ ማውራት እንጀምራለን። ለጥምቀት ጎንደር፣ ከተቻለም እስከ ባሕር ዳር፤ የቆላውን ሙቀት ለጥቂት ቀን ተሰናብቶ ውኃ ዳር ማረፍ። ወሬው ሲሞቅ ከቤቱ ጥግ የታወቀ ድምፅ ይመጣል፦ «እኔን ተዉኝ፤ ቤት እጠብቃለሁ።» ተናጋሪዋ አያት ናቸው። ጉልበታቸው ዳገት አይችልም። ከጉልበታቸው በላይ ደግሞ «ላዘገያቸው ነው» የሚለው ሐሳብ ይከብዳቸዋል።

ይህ ንግግር የአብርሃ ጅራ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ለሽርሽር የሚዘጋጅ ቤተሰብ ውስጥም፣ አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ልጆች እናት አባታቸውን ጋብዘው ትልቅ መርከብ ላይ ሊያሳፍሯቸው ሲነሡም ይሰማል። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከተማ ለከተማ ምን አዞረኝ?» ይላሉ። ልጆች ደግሞ ወይ እየጎተቱ ይወስዷቸዋል፣ ወይ ቤት ይተዉአቸዋል። ሦስተኛ መንገድ መኖሩ አይታሰብም። መንገዱ ግን ቀላል ነው፦ አብሮ መሄድ፣ አብሮ መሳፈር፣ ሌላው ሲወርድ ግን ከልጆች ጋር እዚያው መቅረት።

ትልቁ መርከብ ባዶ ሲሆን

የመዝናኛ መርከብ ማለት ተንቀሳቃሽ ሆቴል ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ከአሜሪካዋ ማያሚ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው «አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ» 20 ፎቅ ያለው ሲሆን ከ7,000 በላይ መንገደኞችን መያዝ ይችላል። በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ ባሕር እየሰነጠቀ በሚሄድበት ቀን መዋኛ ገንዳው ዳር ወንበር ማግኘት ፈተና ነው፤ ምግብ ቤቱም ሰልፍ አለው፤ ልጆች አንዴ ለመንሸራተት ብዙ መጠበቅ አለባቸው።

መርከቡ ወደብ በሚቆምበት ቀን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከቁርስ በኋላ አብዛኛው ሰው ከተማውን ለማየት ይወርዳል። ገንዳው ይለቀቃል፣ መንሸራተቻው ሰልፍ አይኖረውም፣ አሳንሰሩ ወዲያው ይመጣል። በጉምሩክ ሕግ ምክንያት ሱቆቹና የቁማር ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ይዘጋሉ፤ ምግቡና መዋኛው ግን አይቋረጥም። ይህን የሚያውቁ ልምድ ያላቸው ተጓዦች፣ በተለይ አያቶች፣ ሆን ብለው ይቀራሉ። እግራቸው አይደክምም፤ ሕፃኑም የቀን እንቅልፉን በአልጋው ላይ ይተኛል።

ወደ እኛ ቀረብ ሲል ደግሞ የግብፁ የዓባይ ጉዞ አለ። ከሉክሶር እስከ አስዋን የሚሄዱት መርከቦች ሦስት ወይም አራት ሌሊት የሚፈጅ መርሐ ግብር አላቸው። ኤድፉ ላይ ሲቆሙ ተሳፋሪው በፈረስ ጋሪ ወደ ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ይሄዳል። ኮም ኦምቦ ላይ ግን መቅደሱ ከወንዙ ዳር ስለሆነ ከመርከቡ ሰገነት ሻይ እየጠጡ ማየት ይቻላል። ለአያት ጉልበት ከኮም ኦምቦ የተሻለ ወደብ ማግኘት ይከብዳል። የወንዙ ውኃም ቢሆን እንግዳችን አይደለም፤ የአንገረብና የጓንግ ውኃ በአትባራ በኩል፣ የጣና ውኃ ደግሞ በዓባይ በኩል ሱዳን ውስጥ ተገናኝቶ የሚወርደው በዚያው ነው።

በጣና ላይ አዲስ ነገር አይደለም

ባሕር ባይኖረንም ጣና አለን። ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝቷል። በላዩ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናትን ይዘዋል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ሐይቁን በጀልባ አቋርጦ መጓዝ ደግሞ ለእኛ ቱሪዝም ከመባሉ በፊት የኑሮ ጉዳይ ነበር። ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ ትደርስ የነበረችው የሕዝብ ጀልባ ቁንዝላ አድራ በማግስቱ ጉዞዋን ትቀጥል ነበር። በየወደቡ የሚወርደው ይወርዳል፤ ዶሮና እህል ይጫናል፤ የማይወርደው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ያያል። አሁን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጭና የመጣችው «ጣና ነሽ 2» በመንገድ ላይ ሳለች አገር ሁሉ ጉዞዋን ሲከታተል እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

ከጀልባ ሳይወርዱ መቅረትም በጣና የቆየ ልማድ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው። ስለዚህ እናቶች፣ እህቶችና ሴት ልጆች ወንዶቹ ተሳልመው እስኪመለሱ ጀልባው ላይ ወይም ውኃው ዳር ይቆያሉ። በብዙ ጉዞዎች ይህ የመጠበቂያ ሰዓት እንደ ባዶ ጊዜ ይቆጠራል። ሰው ስልኩን ይነካካል፣ ያዛጋል፣ «መቼ ነው የሚመጡት?» ይላል። በእኛ ቤተሰብ ግን ያ ሰዓት ያላሰብነውን ነገር አመጣ።

ሰባት የቆሎ ፍሬ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥምቀት ማግስት፣ ከውጭ የመጣው ወንድሜ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጁ፣ እናቴ፣ እኔና የአምስት ዓመቱ ልጄ ከጎንደር ባሕር ዳር ወረድን። በነጋታው ጀልባ ተከራይተን ወደ ናርጋ ሥላሴና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሄድን። እናቴ የአብርሃ ጅራ ሰው ናት። እሷ የምታውቀው ወንዝ ክረምት ሲመጣ የሚያስፈራ፣ በጋ ሲሆን በእግር የሚሻገሩት ነው። ዳርቻው የማይታይ ውኃ ላይ መቀመጥ አዲስ ሆኖባት መጀመሪያ ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ዝም አለች።

ዳጋ ስንደርስ ወንድሜ ብቻውን ወጣ። ደሴቱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ከላይ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አጽም ይገኛል፤ የታሪክ ሰው ስለሆነ ለዓመታት ሲመኘው የነበረ ቦታ ነው። እኛ ሴቶቹ ልጄን ይዘን ጀልባው ላይ ቀረን።

የወንድሜ ልጅ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትደፍርም። አያቷን «እምዬ፣ አንቺ አትወርጂም?» ብላ ስትጠይቅ ልጄ ቆጣ ብሎ «እምዬን አንቺ አይባልም፤ አንቱ ነው የሚባል» አላት። እናቴ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ከከረጢቷ ቆሎ አወጣችና ልጅቷን ጠየቀቻት፦ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ልጅቷ የአባቷን ስም ተናገረች። እናቴ አንድ የሽምብራ ፍሬ መቀመጫው ላይ አስቀመጠች። «እሱስ የማን ነው?» የአያቷን ስም ተናገረች፤ ሁለተኛ ፍሬ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አታውቅም። እናቴ አንድ አንድ ፍሬ እያስቀመጠች ስሞቹን ነገረቻት። ከእያንዳንዱ ስም ጋር አንድ ነገር አለ። አንዱ በበሬዎቹ የታወቀ ነበር፤ አንዱ ዳኛ ነበር፤ አንዱ ከደጋ ወደ ቆላ ወርዶ መሬት ያቀና ነበር። ሰባተኛው ፍሬ ላይ ስትደርስ ሁለቱንም ልጆች ከመጀመሪያው አስቆጠረቻቸው። የተሳሳተ አንድ ፍሬ ይበላበታል፤ ፍሬው ሲያልቅ እንደገና ይጀመራል። ልጆቹ ጨዋታውን ያለ ማቋረጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ተጫወቱት።

ወንድሜ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ ስላየው ነገር ሊነግረን ቸኩሎ ነበር። ልጁ አስቀደመችው። በተሰበረ አማርኛዋ ሰባቱንም ስም እስከ መጨረሻው ወረደችበት። እሱ ራሱ የሚያውቀው እስከ አራተኛው ብቻ ነበር። ጀልባው ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ናርጋ እስክንደርስ ድረስ አልተናገረም፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «እማዬ፣ አምስተኛውን ድገሚልኝ» አላት።

ወንድሜ በየሦስት ዓመቱ ነው የሚመጣው። እናቴ ሰባዎቹን አልፋለች። ሒሳቡን መሥራት ከባድ አይደለም፤ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት በጣት የሚቆጠር ነው። ቤት ውስጥ እንግዳ ይገባል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጅ ከልጅ ጋር ይሮጣል። ጀልባ ላይ ግን ማንም የትም አይሄድም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ «ደንበኛው በእውነት የሚገዛው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ነው። ያን ቀን የጀልባ ኪራይ ከፍለን የገዛነው ያንን አንድ ሰዓት ይመስለኛል።

አያት ሞግዚት አይደሉም

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። «እማዬ ልጆቹን ትያዝልን፣ እኛ እንዙር» ማለትና «እማዬና ልጆቹ የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው አያትን ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ያደርጋቸዋል። የእኛ እናቶች ደግሞ «ደክሞኛል» ብለው አይናገሩም፤ ልጆቹን ታቅፈው ዝም ይላሉ።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት ጠይቋቸው። ጥያቄው «ትቀሪያለሽ አይደል?» ሳይሆን «የትኛውን ማየት ትፈልጊያለሽ? የትኛው ላይ ማረፍ ትመርጫለሽ?» ይሁን። ለአንድ አያት ከሁለት ልጅ በላይ አትተዉ። ከልጆቹ አንዱ ገና ዳዴ የሚል ወይም የማያርፍ ከሆነ አንድ ጎልማሳ አብሮ ይቅር፤ ውኃ ላይ የሚሮጥ ሕፃንን ለመያዝ የሰባ ዓመት ጉልበት አይበቃም። ተራም ይኑር፦ አንዱ ወደብ ላይ አያት ከልጆች ጋር ከቀሩ፣ ቀጣዩ ላይ ወላጆች ልጆቹን ይዘው ይውረዱ፣ አያት ደግሞ ብቻቸውን ይረፉ። ሙሉ ቀን ሳይሆን አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል።

የትኛው ወደብ ለማን?

ጣና ላይ ሁሉም ማረፊያ አንድ ዓይነት አይደለም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚርቀው የዘጌ ልሳነ ምድር በሥዕሎቿ የታወቀችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የምትገኝበት ነው። ከጀልባ ማረፊያው እስከ ቤተ ክርስቲያኗ በቡና ደን ውስጥ ወደ ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ ዳገት አለ። በርታ ያሉ አያት ቀስ ብለው ይወጡታል፤ ጉልበት ለሚያማቸው ግን ከጥላው ሥር ሆኖ መቅረት ይሻላል።

በደቅ ደሴት አጠገብ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ራቅ ትላለች፤ በዝግታ በሚሄድ ጀልባ ከባሕር ዳር ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናት። ሴቶችም ይገባሉ፤ ከማረፊያው ያለው መንገድም አጭርና ለጥ ያለ ስለሆነ አያቶች እንዲወርዱ የምመክረው እዚህ ነው። ከናርጋ ብዙ የማይርቀው ዳጋ ደግሞ ለሴቶች የማይፈቀድ፣ ለወንዶችም ቢሆን ጉልበት የሚጠይቅ ነው። በዚህ መስመር የሚሄድ ቤተሰብ ናርጋ ላይ አብሮ ወርዶ ዳጋ ላይ ቢከፋፈል ሁሉም ድርሻውን ያገኛል።

ግማሽ ቀን ብቻ ላላችሁ ደግሞ ለባሕር ዳር ቅርብ የሆኑት ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ አሉ። ሁለቱ ደሴቶች ጎረቤት ናቸው። ክብራን ለወንዶች ነው፤ እንጦስ የሴቶች ገዳም ስለሆነ እናቶችና ሴት ልጆች መውረድ ይችላሉ።

ከጎንደር በኩል ለምትመጡት በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ ይደረሳል። ለሕፃናትና ለአረጋውያን የጎርጎራ ጥቅም ረጅም ጉዞ ሳያስፈልግ ውኃው ላይ መሆን መቻሉ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ዳር ዳሩን ተንሸራሽሮ፣ ወፍ አይቶ፣ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ሆዱ ቶሎ የሚገላበጥ ልጅ ካላችሁ የመጀመሪያው ጉዞ እንዲህ አጭር ይሁን።

ጀልባው ቆሞ ሳለ ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ሥራ ማየት ነው። በጠዋት የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ አይጠፋም። ለልጁ ታንኳው ከምን እንደተሠራ ንገሩት፤ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅል ደንገል የተጠፈረ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከአገልግሎት በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ወፎቹን አስቆጥሩት። ጉማሬ የሚታይበት ዕድልም አለ፤ ከሩቅ ከሆነ። ከዓሣው ዓይነት ቀረሶና አምባዛ መለየት ለልጅ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ማታ ሳህኑ ላይ ሲያየው ስሙን ይጠራዋል።

እምቦጭ ያለበት ዳርቻ ካጋጠማችሁም አትለፉት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው ይህ አረም አበባው ያምራል። ልጁ «ሲያምር ለምን ይነቀላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አርሶ የኖሩ አያት ከማንም በላይ የሚመልሱት ጥያቄ ነው፤ አረም ምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

ሁለተኛው ሥራ ጨዋታ ነው። እንቆቅልሽ ያለ ምንም ዕቃ ይጫወቱታል። ተረት ከሆነ አያት ጀምረው ልጁ ይጨርስ። የቆሎው ጨዋታም አለ፤ ፍሬው ሽምብራም ይሁን ገብስ ለውጥ የለውም። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ጠጣር ቆሎ አትስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል። ስማቸውን መጻፍ የጀመሩ ልጆች ትንሽ ደብተር ይያዙና አያት የሚነግሯቸውን ስሞች ይጻፉ። ስልክ የሚያስፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአያትን ድምፅ ለመቅዳት። እሱንም ቢሆን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ።

ሦስተኛው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው። ልጅ አያቱ ጭን ላይ ከተኛ፣ አያትም አብረው ካንቀላፉ፣ ያ ሰዓት ባከነ አይባልም።

ከባለጀልባው ጋር ስምምነቱ ይጥራ

አንድ ጊዜ እናቴና ልጆቹ ጀልባ ላይ እያሉ፣ ባለጀልባው «እስኪመለሱ ሌላ ሰው ላድርስ» ብሎ ሊነሣ ሲል አስቁሜዋለሁ። ለእሱ የቆመ ጀልባ የባከነ ገበያ ነው፤ ለእኛ ግን ያንን ሰዓት ከፍለንበታል። ስለዚህ ዋጋ ስትነጋገሩ አራት ነገር በግልጽ ተናገሩ፦ ጀልባው ለእናንተ ብቻ መሆኑን፣ በየማረፊያው ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ሰው ተሳፍሮ እንደሚጠብቅና ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ከጀልባው እንደማይርቅ። ጥላ ያለው ጀልባ ምረጡ። ብዙዎቹ ትንንሽ ጀልባዎች መጸዳጃ ቤት የላቸውም፤ ለአያትም ለሕፃንም ይህ ቀላል ጉዳይ ስላልሆነ በየትኛው ማረፊያ መጸዳጃ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። በጠዋት ተነሥቶ ነፋሱ ሳይበረታ መመለስ ይሻላል። ላይፍ ጃኬት ለልጆች በልካቸው መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ። ጀልባው ቆሞ ታስሮ እያለም ልጆች አያውልቁት፤ ሰው የሚዘናጋው ያን ጊዜ ነው። ከዳር እግር ነክሮ መጫወትና መዋኘትም ይቅር፤ በጣና ዳርቻ የቢልሐርዝያ በሽታ አለ።

ባሕር ተሻግረው ለሚሄዱ

ልጆቻችሁ ወይም ወንድም እህቶቻችሁ ከውጭ ሆነው እናት አባታችሁን ትልቅ መርከብ ላይ ሊጋብዙ ካሰቡ፣ «ከመርከብ አልወርድም» ማለት ከቪዛ ነፃ እንደማያደርግ እወቁ። ብዙ የመርከብ ድርጅቶች መንገደኛው ባይወርድም እንኳ መርከቡ ለሚቆምባቸው አገሮች ሁሉ የሚያስፈልገውን ቪዛ ይጠይቃሉ፤ ያላሟላ መንገደኛ መነሻው ወደብ ላይ ሊመለስ ይችላል። ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ ለሚመለስ ጉዞም በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ያረጋግጥ። የግብፁ የዓባይ ጉዞም ያለ ቪዛ አይሆንም።

አያት ያለ ወላጅ የልጅ ልጅ ይዘው የሚጓዙ ከሆነ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ በጽሑፍ ተረጋግጦ በእጃቸው ይሁን። ወላጆችም አብረው ሄደው ወደብ ላይ ሲወርዱ መርከቡ የሚነሣበትን ሰዓት ከአያት ጋር ደግመው ይነጋገሩ። ትልቅ መርከብ በራሱ ከተማ ለከተማ ሲዞር የዘገየን ሰው አይጠብቅም፤ እናንተ ወደቡ ላይ ስትቀሩ አያትና ልጆች ወደ ቀጣዩ አገር ሊሄዱ ነው። ስለዚህ ከተባለው ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተመለሱ።

በብዙ መርከቦች ላይ የልጆች መዋያ ክፍል አለ፤ አብዛኛው የሚቀበለው ከሦስት ዓመት ጀምሮ ነው። ዳይፐር ያልተው ሕፃን ደግሞ ዋናው መዋኛ ገንዳ ውስጥ አይፈቀድለትም። ለሚጾሙ አያቶች ትኬት ሲቆረጥ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነፃ ምግብ እንደሚፈልጉ መናገር ያስፈልጋል፤ ትልልቅ መርከቦች ቀድሞ ከተነገራቸው ያዘጋጃሉ። እንግሊዝኛ ለማይናገሩት አያት የክፍላቸውን ቁጥር፣ የመመገቢያውን ፎቅና «እርዳታ እፈልጋለሁ» የሚለውን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። የልጅ ልጅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በመርከቡ ላይ አስተርጓሚ እሱ ይሆናል፣ አያት ደግሞ በአማርኛ ያስተምሩታል።

ከመሳፈራችሁ በፊት

• የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይቀመጥ፤ ከሚያስፈልገው ሁለት ቀን የሚተርፍ ይያዝ።
• ለሚያቅለሸልሸው ሰው መድኃኒት ከመሳፈር በፊት ይወሰዳል፤ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ግን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠይቁ አይሰጥም።
• ባርኔጣ፣ ነጠላና ጋቢ፦ ጠዋት ውኃው ላይ ይበርዳል፣ ቀን ፀሐዩ ከውኃው እያንጸባረቀ ያቃጥላል።
• ለአያት ወገብ የሚሆን ትራስ። የጀልባ መቀመጫ ጠንካራ ነው።
• በሶ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ በቂ የሚጠጣ ውኃ። ቡና በፔርሙዝ፤ ከሰል ጀልባ ላይ አይነድም።
• ረቡዕና ዓርብ ወይም ጾም ላይ ከሆነ የአያትን የመብያ ሰዓት አስቀድማችሁ አስቡ፤ እስከ ቀትር የማይቀምሱ ከሆነ ረጅሙን ጉዞ ለሌላ ቀን አድርጉት።
• ማታ ውኃ ዳር ለምታድሩ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።
• የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎችና ከአካባቢው አስተዳደር አጣሩ። አስተማማኝ ካልሆነ ጉዞው ይቆይ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።

የጣናው ጉዞ ለአሁን የማይመች ከሆነ ደግሞ ሐሳቡን አትጣሉት። ሐዋሳ፣ ዝዋይ ወይም ቢሾፍቱ ላይ ከጀልባ ጋር የግማሽ ቀን ውሎ በተመሳሳይ መንገድ ማዘጋጀት ይቻላል። የሚፈለገው ውኃ፣ ጥላና የማይቸኩል ሰዓት ነው።

ዘንድሮ የቤተሰብ ጉዞ ስታቅዱ የቦታዎቹን ዝርዝር ከመጻፋችሁ በፊት አያትን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሁላችንም ስንወርድ ከአንቱ ጋር ማን ይቅር?» «እኔን ተዉኝ» የሚለው መልስ በዚህ ጥያቄ ፊት ብዙም አይቆይም። አያት ከልጅ ልጆቻቸው የአንዱን ስም ይጠራሉ። ጀልባውን ከዚያ በኋላ ተከራዩ።